ድንጋይ ልማር ወይስ ፐርፎርማንስ? የሳልዝቡርግ የክረምት ኮርስ

ጭቃ በእጄ | መጋቢት 9

ሰላም ለዚህ ቤት። ሁልጊዜ አንባቢ ነኝ፣ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፣ ስለዚህ ከረዘመባችሁ ታገሱኝ።

ቅርፃ ቅርፅ ተምሬ ከተመረቅኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። አሁን እንጀራዬ ጄሶ ነው። የሠርግ አዳራሽ ዓምድ፣ የሆቴል ጣሪያ ላይ አበባ፣ አንዳንዴም የአንበሳ ራስ (አንበሳ የማይፈልግ ባለሆቴል እስካሁን አልገጠመኝም)። ገንዘቡ ክፉ አይደለም። ግን ከተመረቅኩ ወዲህ የራሴ የምለው አንድም ሥራ አልሠራሁም።

ኦስትሪያ፣ ሳልዝቡርግ ያለው ዓለም አቀፍ የክረምት የሥነ ጥበብ አካዳሚ አመልክቼ ተቀበሉኝ። የኮርሱን ክፍያ የሚሸፍን ድጋፍም አገኘሁ። ቲኬት፣ ማደሪያና ምግብ በራሴ ነው። ችግሩ ሁለት ኮርስ ነው የጠየቅኩት። አንዱ ድንጋይ መቅረፅ፣ ሦስት ሳምንት፣ ተራራ ሥር የድንጋይ ካባ ውስጥ የሚሰጥ። ሌላው ፐርፎርማንስ፣ ማለትም በገዛ አካል የሚሠራ ጥበብ፣ ሁለት ሳምንት። ድጋፉ ለአንዱ ብቻ ነው፣ ሁለተኛውን ካልኩ ከኪሴ። እናቴ "ድንጋይ ለመፈልፈል አውሮፓ ድረስ?" እያለች ነው። ፐርፎርማንሱንማ ጭራሽ አልነገርኳትም። ምን ብዬ ልነግራት?

የሄደ ሰው ካለ በናታችሁ ምከሩኝ።

አራት ኪሎ ነኝ | መጋቢት 9

እናትሽ ልክ ናቸው። ድንጋይ እዚህም አለ። ፐርፎርማንስ ካማረሽ ደግሞ ታክሲ ሰልፍ ላይ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ቁሚ፣ ተመልካቹ በነጻ ነው።

ጠራቢው | መጋቢት 10

እህቴ፣ እኔ ሄጃለሁ። ድንጋዩን ነው የተማርኩት፣ ፐርፎርማንሱን አላውቀውም፣ ስለማላውቀው አልናገርም።

መጀመሪያ ስለ ራሴ ልበል። ዲግሪዬን ይዤ ኮብልስቶን ጠርቤ ያደግኩ ሰው ነኝ። "ያደግኩ" ያልኩት በቀልድ አይደለም። ከዩኒቨርሲቲው በላይ እጄን ያስተማረኝ ኮብልስቶን ነው። እና እዚያ ስደርስ "እኔ ድንጋይ አውቃለሁ" ብዬ ነበር የገባሁት። በሁለተኛው ቀን አፈርኩ። ኮብልስቶን ላይ የምትፈልጊው አንድ ነገር ነው፣ ስድስት ፊት ያለው ነገር አውጥተሽ መቁጠር። ድንጋዩ ከተሰበረ ሌላ ታነሻለሽ። እዚያ ግን ሦስት ሳምንት አንድ ድንጋይ ብቻ ነው ያለሽ። ጄሶ ስትሠሪ ትጨምሪያለሽ፣ ከተሳሳትሽ ትለጥፊያለሽ። ድንጋይ ላይ የወደቀው ወድቋል። ላሊበላ ሄደሽ ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ቆመሽ አይተሽው ከሆነ ነገሩ ይገባሻል። ከላይ ወደ ታች ነው የወረዱት፣ ከአንድ ዓለት፣ ተሳስቶ የተቆረጠ ነገር የሚመለስበት መንገድ የለም።

ካባው ያለው ኡንተርስበርግ የሚባል ተራራ ሥር፣ ፉርስተንብሩን የምትባል መንደር ነው። ድንጋዩን እብነ በረድ ይሉታል። በጂኦሎጂ ቋንቋ ግን በደንብ የጠነከረ የኖራ ድንጋይ ነው። ክሬም፣ ቢጫማና ቀላ ያለ መልክ አለው። የሳልዝቡርግ ካቴድራል ፊቱ የተለበጠው በዚሁ ድንጋይ ነው፣ ስለዚህ ከካባው ወደ ከተማ ስትመለሺ ቀኑን ሙሉ ስትደበድቢው የዋልሽው ነገር ቆሞ ይጠብቅሻል። ትንሽ ያሳፍራል።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ ያዢልኝ። ድንጋይ ስትመርጪ በመዶሻ ቀስ አድርገሽ ቆርቁሪውና ጆሮሽን ስጪው። ጤነኛ ድንጋይ ይጮሃል። ገጠር ቤተ ክርስቲያን ደጅ የተንጠለጠለ የድንጋይ ደወል ሰምተሽ ታውቂያለሽ አይደል? እንደሱ። ውስጡ የተሰነጠቀ ከሆነ ግን እንደ ደረቅ እንጀራ "ጧ" ብሎ ዝም ይላል። መልኩ ምንም ቢያምር ተዪው።

ሁለተኛ፣ ትልቅ አትምረጪ። ሁሉም ሰው ትልቅ ይመርጣል። 30 በ30 በ40 ሳንቲ ሜትር ትንሽ ይመስላል አይደል? የኖራ ድንጋይ አንድ ሜትር ኩብ 2.7 ቶን ገደማ ይመዝናል። አስይው፣ ወደ 97 ኪሎ ይመጣል። ሻንጣሽን አስቢ።

ሦስተኛ ማስክ። እዚህ በባዶ አፍንጫ ስንጠርብ ኖረናል፣ ሳሉ እስካሁን ከእኔ ጋር ነው። የኖራ ድንጋይ አቧራ እንደ ግራናይት ሲሊካ ባይበዛበትም ግራይንደር ስትነኪ ያለ ማስክ እንዳትሞክሪ።

ጭቃ በእጄ | መጋቢት 10

ጠራቢው ዕድሜ ይስጥህ! "ይጮሃል" ያልከውን ለእናቴ አነበብኩላት፣ "የኛ አገር ደብር ደወሉ ድንጋይ ነበር" አለችኝና የልጅነቷን ስታወራ አመሸን። ስለ ጉዞው ግን አሁንም ዝም ብላለች።

ሙኒክ ነኝ | መጋቢት 11

ሳልዝቡርግ ለኛ ጎረቤት ነው፣ በባቡር ሁለት ሰዓት ቢሞላ ነው። ስለዚህ የሚጨበጥ ነገር ልንገርሽ፣ ጥበቡን ለጠቢባን ትቻለሁ።

ቪዛ፦ ሁለቱም ኮርስ ተደምሮ ከ90 ቀን በታች ስለሆነ የአጭር ጊዜ ሸንገን ይበቃሻል። ክፍያው 90 ዩሮ ነው። የጉዞ ጤና መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ጀምሮ ነው። ስለዚህ ዛሬ ሄደሽ ቀጠሮ ያዢ፣ ነገ አትበይ። ከግንቦት በኋላ ሰው ሁሉ ይነቃል። የባንክ ስቴትመንትሽ ላይ በአንድ ቀን የገባ ትልቅ ብር አይኑር፣ ያ ነገር ያስጠረጥራል።

ዝናብ፦ ሐምሌ ላይ ከአዲስ አበባ ክረምት ሸሽተሽ ፀሐይ ልትሞቂ ከሆነ ሕልምሽን አስተካክይ። ሳልዝቡርግ ሐምሌም ነሐሴም ይዘንባል። ለዚያ ዝናብ የራሳቸው ስም አላቸው፣ "የክር ዝናብ" እንደማለት ነው። ቀጭን ነው፣ አያቆምም። ቡትስ ይዘሽ ነይ።

ምግብ፦ ቅዳሜ ሙኒክ መጥተሽ እንጀራ ገዝተሽ መመለስ ትችያለሽ። በርበሬና ሽሮ ከቤት። ይህን ለሐበሻ መንገር አያስፈልግም ግን ልማድ ነው።

ደግሞ ያ ተራራ ተረት አለው። ውስጡ ንጉሠ ነገሥት ተኝቷል ይላሉ፣ ጢሙ ጠረጴዛውን እየዞረ ያድጋል፣ ቁራዎቹ ተራራውን መዞር ሲተዉ ይነሳል አሉ። መጀመሪያ ስሰማው "ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይመጣል" የሚሉት አያቴ ትዝ አሉኝ። ሰው የትም ንጉሥ ይጠብቃል።

ጥርጥር አበዛሁ | መጋቢት 12

ይቅርታ ግን አንድ ሰው ማለት አለበት። ድንጋዩ ይሁን፣ ሙያ ነው። ፐርፎርማንስ የሚሉትን ነገር ግን እስካሁን ማንም አላስረዳኝም። አንዲት ሴት በፈረንጆቹ 2010 ኒው ዮርክ ሙዚየም ውስጥ ወንበር ላይ ከ700 ሰዓት በላይ ቁጭ አለች፣ ሰው እየመጣ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ፣ አለቀሱ፣ አበቃ። ይህን ለመማር ዩሮ ይከፈላል? ዩሮ ስንት እንደገባ ታውቃላችሁ አይደል?

አራት ኪሎ ነኝ | መጋቢት 12

እኔ ያየሁት ደግሞ ይብሳል። ቴቺንግ ሼ የሚባል ሰው በፈረንጆቹ ከ1980 እስከ 1981 አንድ ዓመት ሙሉ በየሰዓቱ እንደ ፋብሪካ ሠራተኛ የሰዓት መቆጣጠሪያ ላይ ካርድ ሲመታ ኖረ፣ ሌሊትም ጭምር። ሰፈራችን ያለው ዘበኛ ሃያ ዓመት ሙሉ በየሰዓቱ ፊሽካ ነፍቷል፣ ማን ሙዚየም አስገባው? 😂

ጡረተኛው መምህር | መጋቢት 13

ልጆች፣ የዘበኛው ቀልድ አሳቀኝ። ግን ሳታስበው ጥሩ ነገር ተናግረሃል። ሰውዬው ያንን ያደረገው ለደመወዝ አይደለም፣ ውጤትም የለውም። የተረፈ ጊዜ የለም፣ የተሠራ ዕቃ የለም። ሥራ ከውስጡ ፍሬውን ብታወጣበት ምን ይቀራል የሚል ጥያቄ ነው። ዘበኛው ግን ቤተሰብ ያስተዳድርበታል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጠህ ካየሃቸው ትስቃለህ፣ ቀጥሎ ደግሞ አትስቅም።

የወንበሯ ሴትዮ ማሪና አብራሞቪች ናት። እኔ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ግን በፈረንጆቹ 1974 የሠራችውን ነው። ኔፕልስ ከተማ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ 72 ዕቃ ደረደረች፣ ጽጌረዳም ቢላም ሽጉጥም ነበረበት፣ ከዚያ ለስድስት ሰዓት የፈለጋችሁትን አድርጉብኝ ብላ ቆመች። ሰው መጀመሪያ አበባ አስያዛት። እየቆየ ልብሷን ቀደደ። በመጨረሻ ሽጉጡ ወደ ራሷ ተደገነ። ድንጋይ ቀራፂ ድንጋይ ይጠርባል፣ እሷ የሠራችው በተመልካቹ ነው። ተመልካቹ ምን እንደሆነ አወጣችው። ደግ ሥራ ነው አልልም። እኔ ራሴ እዚያ ብኖር አስቆመው ነበር ብዬ እገምታለሁ፣ ግን እንደዚያ የገመተ ሁሉ አላስቆመም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ "ፐርፎርማንስ የኛ ነው፣ ለቅሷችን ፐርፎርማንስ ነው፣ ቡናችን ፐርፎርማንስ ነው" የሚል ወሬ በየኤግዚቢሽኑ እሰማለሁ። አልወደውም። አልቃሿ የምታወርደው ሙሾ ለሟቹ ነው፣ ለቤተሰቡ ነው፣ ማንም "ሥራዋ" አይለውም። አንስተሽ አዳራሽ ውስጥ ስታስቀምጪው ሌላ ነገር ሆኗል። ምን እንደሆነ ማወቅ ነው ትምህርቱ።

ልጄ፣ ለጥያቄሽ፦ አካዳሚውን ሠዓሊው ኦስካር ኮኮሽካ በፈረንጆቹ 1953 ሆሄንሳልዝቡርግ ምሽግ ላይ ሲከፍተው "የማየት ትምህርት ቤት" ነበር ያለው። የመግቢያ ፈተና አልነበረውም፣ ዲግሪም አይሰጥም። የሒሳብ ሠራተኛውም ሠዓሊውም አንድ ክፍል ነው የሚቀመጡት። ስለዚህ ወረቀት ፍለጋ አትሂጂ። ከቻልሽ ሁለቱንም ተማሪ፣ ድንጋዩን አስቀድሚ። ክንድሽ ሲደክም ራስሽ ይከፈታል።

ጥርጥር አበዛሁ | መጋቢት 13

ጋሼ አክብሮቴ እንዳለ ነው፣ ግን አስረዱኝ እንጂ አላሳመኑኝም።

ጡረተኛው መምህር | መጋቢት 13

ይሁን። ተማሪዎቼም እንዲሁ ነበሩ።

የቪዛ ቁስለኛ | መጋቢት 15

እኔ አገሩን አልጠራም፣ ከተማውንም አልጠራም። ባለፈው ዓመት "የክረምት የቅርፃ ቅርፅ ስልጠና" የሚል ማስታወቂያ አይቼ ከፈልኩ። ቪዛ መጀመሪያ ተከለከልኩ፣ በሁለተኛው ሄድኩ። ስደርስ ስልጠናው የአንድ ሰው ጋራዥ ነው። መምህር የተባለው በአሥር ቀን ሁለቴ ታየ። ቀሪውን ቀን ለሱ ትእዛዝ የሚሆን ቅርፅ በብርጭቆ ወረቀት ስናሽ ዋልን። ከፍዬ ሠራተኛ ሆንኩ ማለት ነው። እኅቴ አንቺ የምትሄጂበት የታወቀ ቦታ ስለሆነ ደህና ነው፣ ግን ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ካለ፦ ከመክፈላችሁ በፊት ያለፈው ዓመት ተማሪዎችን ፈልጋችሁ አናግሩ። ደረሰኝ ብቻ ያለው ትምህርት ቤት አይበቃም።

ጠራቢው | መጋቢት 15

አይዞህ ወንድሜ። ብርጭቆ ወረቀቱ ግን ትምህርት ነው 😅

ጭቃ በእጄ | ሰኔ 12

ጠፋሁ አይደል? ወሬ አለኝ። ቪዛው ወጣ። የዘገየው በራሴ ጥፋት ነው፣ የመድኑ ወረቀት ላይ ቀኑ አምስት ቀን አጥሮ ነበር፣ እንደገና አሠራሁ።

ሁለቱንም እማራለሁ። ፐርፎርማንሱን ለመክፈል ሁለት አንበሳና ስምንት ዓምድ ሠራሁ። አንዱ ባለሆቴል አንበሳውን "ትንሽ ይቆጣ" ብሎ ሦስት ጊዜ አስመለሰኝ። የመጨረሻውን ሳደርስ የምር የተቆጣሁት እኔ ነበርኩ፣ ፊቱ ላይ ወጣልኝ መሰለኝ፣ ወደደው።

እናቴም ሰማች። "ፐርፎርማንስ ምንድን ነው?" አለችኝ። "በሰው ፊት አንድ ነገር ማድረግ ነው" አልኳት። ትንሽ አሰበችና "ይሄማ ጨዋነት ነው" አለች። እስካሁን እያሰብኩበት ነው።

ሙኒክ ነኝ | ሰኔ 12

ቡትስ!

ጭቃ በእጄ | መስከረም 3

እንኳን አደረሳችሁ። ቃል በገባሁት መሠረት ሁሉንም ልጻፍ፣ ቡና አፍሉና ተቀመጡ።

ካባው። ጠዋት በአውቶቡስ ሄደን ማታ ነጭ ሆነን እንመለሳለን። አንድ የጥርስ ሐኪም፣ አንዲት የሰባ ዓመት አሮጊት ከጀርመን፣ ሁለት ተማሪዎችና እኔ ጎን ለጎን እንቀጠቅጣለን። አሮጊቷ ከሁላችንም ፈጠነች። መዶሻውን የምትይዘው ከጫፉ ነው፣ ክብደቱ እንዲሠራላት። እኔ ከአንገቱ አንቄ ይዤው ነበር፣ በአራተኛው ቀን እጄ አልጨበጥ አለ።

ልሠራ ያሰብኩት ማቶት ነው። አዎ፣ የጀበና ማቶት። ያቺን ቀላል የሣር ቀለበት ከድንጋይ ላወጣት፣ ጀበናው ሳይኖር፣ ባዶዋን፣ አንድ ሰው የማያነሳት ከባድ። ሐሳቡን መምህሩ ወደደው። ድንጋዩን ስመርጥ ግን... ጠራቢው፣ ይቅር በለኝ። ቀላ ያለ ደም ሥር ያለው በጣም የሚያምር ድንጋይ አየሁና አልቆረቆርኩትም። በመሮ ዙሪያውን አወረድኩ፣ በጥርሳሙ መሮ አለሰለስኩ፣ መሐሉን በመሰርሰሪያ ከፍቼ ወደ ውጪ አሰፋሁ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ምንም ከባድ ምት ሳልመታው፣ ቀይዋን ደም ሥር ተከትሎ "ጧ"።

አላለቀስኩም ብል ውሸት ነው። መምህሩ መጣ፣ አየ፣ በጣቱ ስንጥቁን ተከተለና "አሁን ምን ልታደርጊ ነው?" ብቻ ብሎኝ ሄደ። ማጣበቂያ አለ፣ ሰው ይጠቀማል። አልተጠቀምኩም። ቁራጩን አንስቼ ከጎኑ አስቀመጥኩት፣ የተከፈተ ቀለበት ሆኖ ቀረ። ጀበና ብታስቀምጡበት ይወድቃል። እዚያው ካባው ነው ያለው፣ ያላችሁትን ኪሎ ማን ይሸከማል። ፎቶውን ለእናቴ ሳሳያት "ተሰብሯል እኮ" አለች። አዎ እማ።

ፐርፎርማንሱ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው፣ እና ጋሼ እንዳሉት ክንዴ ደክሞ ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ብዙም አልወደድኩትም፣ ሃቁን ልንገራችሁ። ወለል ላይ መተኛት፣ ቀስ ብሎ መራመድ፣ አንድ ግድግዳ ለአርባ ደቂቃ ማየት። ጥርጥርን ብዙ ጊዜ አስታወስኩት። በሁለተኛው ሳምንት እያንዳንዳችን ከተማ ውስጥ አንድ ነገር ለአንድ ሰዓት ማድረግ ነበረብን፣ ሳንናገር፣ ሳናስረዳ።

እኔ እጅ አስታጠብኩ። ማስታጠቢያና ማንቆርቆሪያ ከቤት ይዤ ሄጄ ነበር፣ ፎጣ ትከሻዬ ላይ፣ ወንዙ ዳር ድልድዩ አጠገብ ጎንበስ ብዬ ቆምኩ። ጋሼ ስለ ለቅሶው የተናገሩት ራሴ ውስጥ አለ፦ ይህን ከማዕድ አንስቼ እዚህ ሳስቀምጠው ምን ይሆናል? እኔንጃ ብዬ ነው የጀመርኩት።

መጀመሪያ ማንም አልቆመም። ሃያ ደቂቃ አካባቢ ሲሆን አንድ ሰው ሁለት ዩሮ ማስታጠቢያው ውስጥ ጣለልኝ። ለማኝ መሰልኩት። ማውጣትም መተውም አልቻልኩም፣ መናገር የለም። ሳንቲሙ ውኃው ሥር እያብለጨለጨ ቀረ፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ አንዳንድ ጨመረ። ኮሚክ ነው። የክር ዝናቡ ጀመረ። ልጆች ግን ገባቸው፣ እጃቸውን ዘረጉ፣ አንዷ ሦስቴ ታጠበች። ትልልቆቹ አንድ ጣት አርጥበው "ዳንከ" ብለው ይሄዳሉ፣ ፎጣውን ማንም አይነካም። አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ማለቴን አልወደዱም፣ በእጃቸው ቀና በይ ይሉኛል። ያኔ ጎንበስ ማለት ምን እንደሚመስል ከውጪ አየሁት። ቤት ውስጥ አይታይም እኮ።

ሰዓቱ ካለቀም በኋላ ቀጠልኩ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

በኋላ አንድ ምግብ የሚያደርስ ሐበሻ በብስክሌት እየበረረ አለፈ፣ ትልቁን ሣጥን ጀርባው ላይ አዝሎ። አለፈና ፍሬን ያዘ። ወደ ኋላ እየገፋ ተመለሰ። ብስክሌቱን አጥሩ ላይ አስደገፈ፣ እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰበሰበ፣ እና ታጠበ። በደንብ። እያሻሸ። "በቃኝ፣ ተባረኪ" አለ፣ ፎጣውን ከትከሻዬ አነሳ፣ አደረቀ፣ መልሶ አጥፎ አስቀመጠልኝ። ከዚያ ግራና ቀኝ አየ። ከኋላዬ አየ።

"ምግቡስ?" አለኝ።

አራት ኪሎ ነኝ | መስከረም 3

ሞትኩ 😂😂😂 አንቺስ ምን አልሽ?

ጭቃ በእጄ | መስከረም 3

መናገር አይቻልም ነበር እኮ! ሳቄን ዋጥኩት፣ ማስታጠቢያውን ግን አንቀጠቀጥኩት።

ጠራቢው | መስከረም 4

ይቅርታው ተሰጥቷል። የተከፈተው ቀለበት ግን ከሙሉው የተሻለ ነው ባይ ነኝ፣ ፎቶውን ላኪልኝ። የሚቀጥለውን ድንጋይ አብረን እንቆረቁረዋለን።

ጥርጥር አበዛሁ | መስከረም 4

አሁንም ጥበብ ነው ለማለት አፌ አይደፍርም። ግን ጠዋት ልጄን ሳስታጥብ ስለሱ አሰብኩ፣ ተናደድኩብሽ።

አዲስ ገቢ | መስከረም 6

እኔ በሚቀጥለው ዓመት ማመልከት እፈልጋለሁ፣ ጥያቄ አለኝ። ማስታጠቢያውን አውሮፕላን ላይ እንዴት ይዘሽው ሄድሽ? አልተጨማደደም?

ጭቃ በእጄ | መስከረም 6

ሻንጣው ውስጥ፣ በርበሬ በላስቲክ ሞልቼበት።

ሙኒክ ነኝ | መስከረም 6

ከዚያ በርበሬ ግማሹ እኔ ቤት ነው፣ ምስክር ነኝ።